ከሙንና ሚዛን፤ በማቴዎስ ወንጌል 23ኛ ምዕራፍ ላይ የተጻፈ ሐተታ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ምክንያተ ሐተታ

ጌታችን መድኀኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ጻፎችንና ፈሪሳውያንን ከገሠጸባቸው ቃላት መካከል፣ በማቴዎስ ወንጌል በ23ኛው ምዕራፍ በ23ኛው ቍጥር እንደ ተጻፈው ያለ፣ ሕግ የሚያወጣውንም ሕግ የሚያስፈጽመውንም የሚያስፈራ ቃል ጥቂት ነው። በዚያ ቃል ከቅመማ ቅመም እንኳ ሳያስቀሩ ዐሥራት የሚያወጡ፣ ነገር ግን ፍርድን፣ ምሕረትንና ታማኝነትን የተዉ ሰዎች ተወቅሰዋል። ይህን ክፍል መምህራን በየዐውደ ምሕረቱ ሲያስተምሩት ኖረዋል፤ ሆኖም በአተረጓጐሙ ሁለት ስሕተት ሲደጋገም ይታያል። አንደኛው፣ ቃሉ ለፈሪሳውያን ብቻ የተነገረ ነው ብሎ የዛሬውን ክርስቲያን ከተግሣጹ ማስመለጥ ነው። ሁለተኛው፣ ፍርድ ብቻ ይበቃልና ጾምና ጸሎት፣ ንጽሕናና ሥርዐት ከእንግዲህ አያስፈልጉም ማለት ነው። ስለዚህ ሁለቱን ስሕተቶች መርምሮ፣ ቃሉን በቡናው አገር፣ ማለት በሚዛንና በቴፒ፣ በማሻና በቦንጋ በኩል በሆነውና በሚሆነው ነገር ማስረዳት ተገባ።

የንባቡ ፍች

በኦሪት የታዘዘው ዐሥራት የእህል፣ የወይንና የዘይት፣ የከብትም ዐሥራት ነው። ከጓሮ ቅጠል፣ ከእንስላልና ከከሙን ዐሥራት ማውጣት ግን ሽማግሎች በሕጉ ላይ የጨመሩት ጥንቃቄ ነበር። ጌታ ይህን ጥንቃቄ አልነቀፈውም፤ ያንን ሳይተዉ ይህን ሊያደርጉ ይገባቸው እንደ ነበር ተናገረ እንጂ። ነቀፋው ሁሉ በመጠኑ ላይ ነው፤ ትንሹን ትልቅ፣ ትልቁንም ትንሽ አድርገዋልና። ወዲያውም ትንኝ እንዳትገባበት መጠጡን የሚያጠራ፣ ግመልን ግን ሳይጠራጠር የሚውጥ ሰው አስመስሎ ገለጸላቸው። በየቤቱ የጀበናውን አፍ በማጣሪያ ደፍኖ አተላውን የሚያስቀር ሰው ይህን ምሳሌ ለማስተዋል ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም።

አንድም፤ ከሙን የተባለው ለዐይን የሚታይ፣ በእጅ የሚቈጠር ሥራ ነው። ፍርድ የተባለው ግን ጌታውና ሎሌው፣ ሹሙና ገበሬው በአንድ አደባባይ እኩል የሚቆሙበት ነገር ነው። ሰው የሚቈጠረውን መቍጠር ይወዳል፤ ከሙኑን የቈጠረም ሥራዬን ፈጽሜአለሁ ብሎ ያርፋል።

አንድም፤ ከሙኑ የሚወጣው ከድሀው ጓሮ ነው፤ ፍርዱ የሚጠየቀው ግን ከባለሥልጣኑ ዘንድ ነው። ድሀውን መጠየቅ ይቀላልና ከሙኑ ሳይሰበሰብ አይቀርም፤ ባለሥልጣኑን መጠየቅ ያስፈራልና ፍርዱ ሲዘገይ ይኖራል። ከትርጓሜዎቹ ሁሉ ይህ ይጠብቃል፤ ጌታ በዚያው ምዕራፍ ከባድ ሸክም በሰው ትከሻ ላይ እየጫኑ ራሳቸው በጣታቸው እንኳ ስለማይነኩት ሰዎች አስቀድሞ ተናግሯልና።

በቡናው አገር ኮረሪማው በዛፍ ጥላ ሥር ይበቅላል፤ ጥምዙም በዚያው ይገኛል፤ ዝንጅብሉም በማሳው አለ። ገበሬ ከኮረሪማው ፍሬ ቈጥሮ ዐሥራት ቢያመጣ መልካም አደረገ። ነገር ግን ያው ገበሬ ቡናውን በሐሰተኛ ሚዛን ተነጥቆ የመጣ እንደ ሆነ፣ ኮረሪማውን ተቀብሎ ስለ ሚዛኑ ዝም የሚል አገልጋይ በ23ኛው ቍጥር ውስጥ ስሙ የተጻፈ ያህል ነው።

ታሪክ፤ ስለ ጽዋውና ስለ ለቃሚው

ይህን የሚያስረዳ ታሪክ ከዚያው ከቡናው አገር ይገኛል። በ19ኛው መቶ ዓመት በደጋው የነበሩ ክርስቲያኖች ቡና መጠጣትን የእስላም ልማድ ነው እያሉ ይጸየፉት ነበር፤ ካህናትም ይከለክሉ ነበር። ክልከላው በጽሑፍ የቆመ ቀኖና አልነበረም። ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው መቶ ዓመት በግብጽ ሲደረስ ቡና በዐረብ አገር እንኳ መጠጥ ሆኖ ገና አልታወቀምና፣ በስሙ ሊከለክለው አይችልም ነበር። እንዲሁ በልማድ የገባ፣ ክርስቲያኑን ከሌላው ለመለየት ያገለገለ ክልከላ ነበረ። ትምባሆም እንዲሁ ተከለከለ፤ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን የሚያጤስ ሰው ጽኑ የአካል ቅጣት ይቀበል እንደ ነበረ የዘመኑ መንገደኞች ጽፈዋል። በኋላ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ቡና ስለ ጠጡ፣ አቡነ ማቴዎስም ቡና የእስላም መጠጥ ነው የሚለውን አሳብ ከካህናቱ ልብ ለማራቅ ስለ ደከሙ፣ ክልከላው እየቀለለ ሄደ። ዛሬ በዝክርም በለቅሶም ቤት ቡና ሳይፈላ አይቀርም።

እነሆ፣ ስለ ጽዋው ብዙ ክርክር ተደረገ። ጽዋው የተቀዳበት ቡና ስለበቀለበት አገር ሰው ግን የተደረገው ክርክር ጥቂት ነው። የካፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በ1890 ዓ.ም. መጀመሪያ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ሠራዊት ከተያዘ በኋላ፣ ካፋ፣ ሸካ፣ በዚያን ጊዜ ጊሚራ ይባል የነበረው የቤንች አገር፣ ማጂም በየተራ በአዲሱ አገዛዝ ሥር ገቡ። ገበሬው በገባርነት ለወታደርና ለሹም ተደለደለ። ከዚህም የከፋ መጣ፤ ከጊሚራና ከማጂ ብዙ ሕዝብ በባርነት እየተነዳ ወደ ጅማና ወደ ሰሜን ተወሰደ፤ ሞልቶ የነበረው መንደር ባዶ ቀረ፤ ማሳው ዱር ሆነ። በማጂ ቆንስል የነበረው እንግሊዛዊ አርኖልድ ሆድሰን በዚያ አገር ስላሳለፈው ዘመን ሲጽፍ፣ ስለዚህ ጥፋት ሳይናገር አላለፈም።

ሕግ አልነበረም ማለት አይቻልም። ዐፄ ቴዎድሮስም ዐፄ ዮሐንስም ዐፄ ምኒልክም የባሪያን ንግድ በዐዋጅ ከልክለዋል። ኢትዮጵያ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. በመንግሥታት ማኅበር ከገባች በኋላ፣ መጋቢት 22 ቀን 1916 ዓ.ም. ባሮች ቀስ በቀስ ነጻ የሚወጡበት ሕግ ታወጀ፤ በነሐሴ ወር 1934 ዓ.ም. ደግሞ ባርነት ፈጽሞ ቀረ። ነገር ግን ከመጀመሪያው ዐዋጅ እስከ መጨረሻው ያለፈው ዘመን ሲቈጠር፣ የአንድ ሰው ዕድሜ ከሚበቃው በላይ ነው። ዐዋጁን ማስፈጸም የሚገባው ሹም ራሱ ከንግዱ የሚጠቀም ነበርና። ቡና የጠጣ ክርስቲያን በነፍስ አባቱ ፊት ይገሠጽ በነበረበት ዘመን፣ የሰውን ልጅ ነድቶ የሸጠ ሰው በቅድስት ቆሞ ያስቀድስ ነበር። ሲዘምት ረቡዕንና ዓርብን አልሻረ ይሆናል፤ በዓሉንም አክብሮ ይሆናል። ይህ ነው ትንኝን አጥርቶ ግመልን መዋጥ።

ቤተ ክርስቲያንም ከዚህ ተግሣጽ ራሷን ልታወጣ አይገባትም። በነዚያ አገሮች በየደብሩ የሰሞን መሬት ነበረ፤ ያም መሬት በገባር ጕልበት ይታረስ ነበር። ሰንበት በመጣ ጊዜ ገባሩ ቀንበሩን እንዲፈታ ይታዘዛል፤ በቀሩት ቀኖች ግን ስለተጫነው ቀንበር የሚጠይቅለት አልነበረም። ነቢዩ ኢሳይያስ በ58ኛው ምዕራፍ የሚጾሙትን ሰዎች የወቀሳቸው፣ በጾማቸው ቀን ሠራተኞቻቸውን ስለሚያስጨንቁ ነው። የእግዚአብሔርን ጾም ሲገልጽም የበደልን እስራት መፍታትና ቀንበርን መስበር ብሎ ጀመረ።

ስለ ፍትሐ ነገሥት

እዚህ ላይ መጽሐፉ በደለ ወይስ አንባቢው ብሎ መጠየቅ ይገባል። ፍትሐ ነገሥት 51 አንቀጽ አለው። የመጀመሪያዎቹ 22 አንቀጾች ስለ ቤተ ክርስቲያን፣ ስለ ካህናት፣ ስለ ጾም፣ ስለ ጸሎት፣ ስለ ምጽዋት የሚናገሩ ሲሆኑ፣ የቀሩት 29 አንቀጾች ስለ ጋብቻ፣ ስለ ውርስ፣ ስለ መሸጥና መግዛት፣ ስለ ዳኞችና ስለ ነገሥታት የሚናገሩ ናቸው። ይህ አከፋፈል ራሱ ትምህርት ነው። በመጀመሪያው ክፍል ያለው በደል መድኀኒቱ ንስሐ ነው፤ ሐኪሙም የነፍስ አባት ነው። በሁለተኛው ክፍል ያለው በደል ግን የተበደለ ሰው ያለበት ነውና ዳኛ ያስፈልገዋል፤ ካሣም ይጠይቃል።

የአንባቢው ጥፋት ሁለቱን ማቀላቀሉ ነው። ጾም የሻረውን በዳኛ ጅራፍ አስገረፈ፤ ድሀ የበደለውን ግን ለነፍስ አባቱ ተወው። በዚህ ምክንያት ንስሐ የሚያሻው ኀጢአት ወንጀል ሆነ፤ ዳኝነት የሚያሻው ወንጀል ደግሞ በጥቂት ስግደት የሚታለፍ ኀጢአት ሆነ።

መጽሐፉም ቢሆን ነቀፋ የለበትም አይባልም። ስለ ባርነት የሚናገረው 31ኛው አንቀጽ ባሪያን ነጻ ማውጣት ታላቅ ጽድቅ መሆኑን ቢያስተምርም፣ በጦርነት የተማረከ ሰው ባሪያ እንዲሆን መንገድ ትቷል። ይህ የጥንት የሮም ነገሥታት ሕግ ነው፤ ከወንጌል የተገኘ አይደለም። ወደ ቤንችና ወደ ማጂ የዘመተው ወራሪ ይህችን ጠባብ መንገድ እያሰፋ አለፈባት፤ ሰላም የነበረውን አገር ጦርነት ብሎ፣ ሕፃኑንም ምርኮኛ ብሎ ወሰደ። ስለ ምጽዋትና ስለ ዳኛ ቅንነት የተጻፉት አንቀጾች በዚያው ጥራዝ ውስጥ ነበሩ፤ አልተገለጡም እንጂ። ስለዚህ ሕግ በብዛቱ አይመሰገንም፤ የቱ አንቀጽ በማን ላይ ተገለጠ ተብሎ ይመረመራል እንጂ።

የመጥምቁ ዮሐንስ ምስክርነት

ስለዚህ ነገር ከሁሉ የሚበልጥ ምስክር መጥምቁ ዮሐንስ ነው። በጾም የሚተካከለው አልነበረም፤ በበረሓ ኖረ፤ የግመል ጠጕር ለበሰ፤ ወይን አልጠጣም። ሄሮድስንም ስለ ወንድሙ ሚስት ስለ ገሠጸው ተሠዋ። እንግዲህ ሥርዐተ ንጽሕናን ያቃልል ነበር ተብሎ አይጠረጠርም። ሆኖም በሉቃስ ወንጌል በ3ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ፣ ቀራጮች መጥተው ምን እናድርግ ብለው በጠየቁት ጊዜ፣ የእርሱን ምግብ እንዲበሉ፣ የእርሱን ልብስ እንዲለብሱ አላዘዛቸውም። ከታዘዘላቸው ቀረጥ አብልጠው እንዳይወስዱ አዘዛቸው እንጂ። ወታደሮችም በጠየቁት ጊዜ ሰውን እንዳይቀሙና በሐሰት እንዳይከሱ፣ ደመወዛቸውም እንዲበቃቸው ነገራቸው።

ልብ ቢሉ፣ ሕዝቡንም ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው ያካፍል አላቸው። ለእያንዳንዱ የታዘዘው እጁ የሚሠራውን በደል የሚያስተው ትእዛዝ ነው። ለቀራጩ ጾምን ብቻ ያዘዘለት እንደ ሆነ፣ ቀራጩ ጾሞ ይቀማ ነበር፤ ቅሚያውም በጾሙ የተከበረ ይመስለው ነበር። ከብፁዓን ሁሉ ይልቅ የጾመው ነቢይ እንዲህ ካደረገ፣ ከእርሱ ያነሰ የጾመ መምህር ሹሙን ስለ ጾም ብቻ ሊጠይቀው እንዴት ይገባዋል?

ስለ ዛሬው ዘመን

በዛሬውም ዘመን ችግር በበዛ ቍጥር፣ አገሩ የተጎዳው ሥነ ምግባር ስለ ጠፋ ነውና በመጠጥ ላይ፣ በአለባበስ ላይ፣ በዝሙት ላይ የጠነከረ ሕግ ይውጣ የሚሉ ምእመናን አሉ። ሐዘናቸው እውነተኛ ነው፤ ስካርም ዝሙትም ቤትን ያፈርሳሉና። ነገር ግን ሕጉ ማንን እንደሚይዝ አስቀድሞ መመርመር ይገባል።

ለምሳሌ ያህል፣ በአንዲት የቡና ከተማ ዳር አረቄ የምትሸጥ አንዲት እናት ትኑር። ባሏ ሞቶ የቡና መሬቷን የባሏ ዘመድ ወሰደባት፤ ክስ ብታቀርብ መዝገቡን የያዘው ሰው መማለጃ ጠየቃት፤ የምትሰጠው ስለሌላት መዝገቡ ጠፋ ተባለች። ስለዚህ ልጆቿን ይዛ ወደ ከተማ ወረደችና አረቄ ማውጣት ጀመረች። እንግዲህ አረቄን የሚከለክል ሕግ ቢወጣ የሚይዘው እርሷን ነው፤ መዝገቡን ያጠፋውን አይነካውም። ጋኗ ይሰበራል፤ ሴቲቱ ወደ ሌላው ቀበሌ ትሄዳለች፤ ምናልባትም ከአረቄ ወደሚከፋ ኑሮ ትወርዳለች። የተቀጣው የበደሉ ፍሬ ነው፤ ሥሩ ግን በወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ኦሪት ዘሌዋውያን በ19ኛው ምዕራፍ ስለ ጋለሞታ ሲናገር ትእዛዙን በልጅቱ ላይ አላደረገም፤ ልጁን ለዚህ በሚሰጠው አባት ላይ አደረገ እንጂ። ይህ የመጽሐፉ ጥበብ ነው፤ ወደ ውድቀት የወደቀውን ሳይሆን የገፋውን ይጠይቃል።

የአገሩ ሕግም ይህን መለየት ያውቃል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በ652ኛው አንቀጹ አመንዝራነትን ይቀጣል፤ ነገር ግን ክሱን የሚያነሣው የተበደለው የትዳር ጓደኛ ነው። መማለጃ ግን አገርን ሁሉ የሚበድል ነውና የግል ከሳሽ አይጠብቅም። የፌዴራል የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን በ1993 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ የሙስና ወንጀሎች ዐዋጅ ለብቻው ወጣ። ከዐዋጁ ብዛት ግን አንድ ነገር ይገኛል፤ ከዐፄ ቴዎድሮስ እስከ 1934 ዓ.ም. የባርነት ዐዋጅ እንደ ተደጋገመ ሁሉ፣ ዐዋጅ አስፈጻሚው ራሱ የሚጠቀምበትን ነገር በዐዋጅ ብቻ ማጥፋት አይቻልም። ሕዝብ የሚጠይቅ፣ ካህን የማይፈራ፣ ዳኛም የማይሸጥ ሲሆን ነው ዐዋጁ ሥጋ የሚለብሰው።

የቡናውን ንግድ ብቻ መመልከት ይበቃል። ገበሬው እሸት ቡናውን ወይም ጀንፈሉን ለሰብሳቢ ይሸጣል፤ ሰብሳቢው ለአቅራቢ ያስረክባል፤ ከዚያ በኋላ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ላኪውም ይሄዳል። በ2000 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ክብደቱም ደረጃውም ዋጋውም ለሁሉ እንዲታይ የተደረገ መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው ሚዛን ከዚያ እጅግ ይርቃል፤ በመንደሩ ጫፍ፣ በመሸ ጊዜ፣ ቍጥር በማያነብ ገበሬ ፊት የሚሰቀለው ሚዛን ነው። ደግሞም በክረምት እህል ያለቀበት ሰው ቡናው በአበባው ሳለ በርካሽ ይሸጣል፤ በመከር ጊዜ የሚለቅመው ለባለ ገንዘቡ ነው። ነህምያ በ5ኛው ምዕራፍ እርሻቸውንና ልጆቻቸውን በብድር ያስያዙ ሰዎች ጩኸት በሰማ ጊዜ፣ አበዳሪዎቹን ሰብስቦ በአደባባይ ተከራከራቸው፤ የወሰዱትንም አስመለሳቸው። ያን ጊዜ የኢየሩሳሌም ቅጥር ገና አላለቀም ነበር። ጠላት በዙሪያው ሳለ እንኳ፣ ይህ ይቈይ፣ አስቀድመን ቅጥሩን እንጨርስ አላለም።

የእግዚአብሔር ፍርድ ከእግዚአብሔር ቤት እንዲጀምር ቅዱስ ጴጥሮስ በመጀመሪያው መልእክቱ አስተምሯል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ማትያስ በ2005 ዓ.ም. በመንበሩ ከተቀመጡ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያን አስተዳደር ውስጥ ስላለው ሙስና ደጋግመው በይፋ የተናገሩት በዚሁ ሥርዐት ነው። የሙዳየ ምጽዋቱ ገንዘብ በቅን ያልተቈጠረበት ደብር፣ ስለ ገበያው ሚዛን ቢሰብክ የሚሰማው የለም።

በሁለተኛው ስሕተት ላይ

ይህን ሁሉ የሰማ ሰው፣ እንግዲያስ ጾሙ ይቅር፣ ሥርዐቱም ይቅር፣ ፍርድ ብቻ ይቁም ቢል ሁለተኛውን ስሕተት ተሳሳተ። ከላይ የተጠቀሰው የዘሌዋውያን 19ኛ ምዕራፍ ይመልስለታል። በዚያ በአንዱ ምዕራፍ ሰንበትን ማክበር ታዝዟል፤ የእርሻን ዳር ለድሀ መተው ታዝዟል፤ የምንደኛን ደመወዝ እስከ ጧት አለማሳደር ታዝዟል፤ ለድሀም ለባለጠጋም ሳያዳሉ መፍረድ ታዝዟል፤ መጻተኛን እንደ አገር ልጅ መውደድ ታዝዟል፤ በመጨረሻም እውነተኛ ሚዛን ታዝዟል። የሁሉም ማሰሪያ አንድ ነው፤ እርሱም የእግዚአብሔር ቅድስና ነው። መጽሐፉ ሰንበቱን ከሚዛኑ አልለየም፤ የሚለዩት ሰዎች ናቸው።

ነቢዩ አሞጽም በ8ኛው ምዕራፍ የወቀሳቸው ነጋዴዎች ሰንበትን የሻሩ አልነበሩም። ሰንበቱን ያከብራሉ፤ ነገር ግን መስፈሪያውን አሳንሰው፣ ሚዛኑን አሳስተው ለመሸጥ ሰንበቱ መቼ ባለፈ ይላሉ። እንግዲህ ሰንበታቸው የቅሚያቸው ማረፊያ ሆነ። እውነተኛ ጾም ግን ራስን መግዛትን ያስተምራል፤ በሆዱ ላይ ያልሠለጠነ ሹም በመማለጃ ላይ ሊሠለጥን አይችልም። ስለዚህ ጾም ለፍርድ እንደ መሠረት ነው፤ መሠረት ጥሎ ቤት የማይሠራ ሰው ግን ዝናም ሲመጣ መጠለያ የለውም።

ተግሣጽ

በሉቃስ ወንጌል በ19ኛው ምዕራፍ ጌታ በዘኬዎስ ቤት በገባ ጊዜ፣ ዘኬዎስ የገንዘቡን እኩሌታ ለድሆች ለመስጠት፣ የቀማውንም አራት እጥፍ አድርጎ ለመመለስ ተነሥቶ ቆመ። መዳን ለዚያ ቤት የሆነው በዚያን ቀን ነው። ከዚህ የተነሣ፣ የነፍስ አባት ለመማለጃ በላው ስግደት ብቻ ቢሰጠውና የበላውን እንዲመልስ ባያዘው፣ ንስሐውን በእኩል ከፍሎ አስቀረበት። ደመወዝ የቀማም፣ ሚዛን ያሳሳተም፣ መዝገብ ያጠፋም እንዲሁ ነው። ቅዱስ ያዕቆብ በ5ኛው ምዕራፍ የተነጠቀው የአጫጆች ደመወዝ እንደሚጮህ፣ ጩኸቱም ወደ ጌታ ጆሮ እንደሚደርስ ተናግሯል። የቡና ለቃሚውም ደመወዝ ከዚያ አይለይም።

ሚዛን ተፈሪና አማን አንድ ከተማ ሆነው ሚዛን አማን ተብለዋል። የስሞቹ አመጣጥ ከአገሩ ሽማግሎች የሚጠየቅ ነው፤ ነገር ግን ግእዝ የተማረ ሰው ይህን ስም በሰማ ቍጥር፣ አማን ማለት እውነት ነውና፣ የእውነት ሚዛን የሚል ይሰማዋል። የደቡብ ምዕራብ ሕዝቦች ክልል ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ፣ ያ አገር የራሱን ሕግ የሚያወጣ ምክር ቤት አለው። ከአያቶቹ ብዙዎቹ ተሽጠዋል፤ ብዙዎቹም ገባር ሆነው አልፈዋል። እንግዲህ በዚያ ሕግ የሚያወጣውም የሚያስተምረውም ሰው፣ አዲስ ክልከላ ባሰበ ጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፤ ይህ ሕግ የሚይዘው ጋን ያላትን ሴት ነው ወይስ መዝገብ ያለውን ሰው? መልሱ ከጓሮው ከሙን ብቻ የሚያስከፍል ሆኖ ከተገኘ፣ ከሙኑን ሳይተው አስቀድሞ ሚዛኑን ያቅና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።